ምድጃ ሲያርፍ

በመጋቢት አጋማሽ አዳማ ገና ረፋዱ ላይ ትግላለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ብትቀመጥም የስምጥ ሸለቆው ንዳድ አይለቃትም። አራት ሰዓት ሳይሞላ የጣሪያው ቆርቆሮ መንጣጣት ይጀምራል፤ ባለባጃጆች ከግንብ ሥር ጥላ ይሻማሉ። በዚህ ሰዓት ገበያ የደረሰ ሰው የሚለቅመው የተረፈውን ነው። ከመቂ፣ ከቆቃና ከባቱ በሌሊት ተጭኖ የገባውን ቲማቲም የሚያውቁበት ሴቶች በማለዳ መርጠውት ሄደዋል።

አክስቴ ከሚያውቁበት ወገን ናቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከአንዲት ሻጭ ሣጥን ፊት ቆሙ። ቲማቲሙን ጨብጠው አይፈትኑትም፤ እንብርቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸቱታል። ሽታ የሌለውን መልሰው ያስቀምጣሉ። ሻጯ አልተቀየመችም፤ ይልቁንም «እማማ፣ እሱ ለወጥ ነው፤ ለፍትፍት የሚሆነው ወዲህ ነው» አለችና ከኋላዋ ሌላ ሣጥን ሳበች። ከሁለቱም ገዙ፤ የፊተኛውን ለድስት፣ የኋለኛውን ለቢላዋ።

ሻጯ የለየችው ነገር ተራ ጉዳይ አይደለም። ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቲማቲም ዝርያዎች መካከል መልካሳልሳና መልካሾላ የሚባሉት ይገኙበታል። ለድልህና ለረጅም መንገድ የሚመረጡ ዝርያዎች ሥጋቸው ወፍራም፣ ፈሳሻቸው ጥቂት ነው፤ ጭነት ይችላሉ፣ ድስት ውስጥም ቶሎ ይወፍራሉ። በጥሬው ለሚበላ ግን ፈሳሹ ነው የሚፈለገው። ለሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ቲማቲም የሚገዛ ሰው ከሁለት አንዱ ምግብ ላይ መክሰሩ አይቀርም።

ሁዳዴ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ለ55 ቀን ከጾመኛው ማዕድ ወጥተዋል፤ የቀረው አትክልት፣ ጥራጥሬና የቅባት እህል ነው። በዚህ ላይ ሙቀቱ። በእንዲህ ያለ ቀን ከሰል አቀጣጥሎ ከድስት ፊት መቆም ቅጣት ነው፤ የከሰሉም ዋጋ ሌላ ቅጣት ነው። ስለዚህ በአዳማም ሆነ በድሬዳዋ፣ ቆላ ቀመስ በሆነ ከተማ ሁሉ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ምሳ የሚሠራው በቢላዋ፣ በሙቀጫና በወንፊት ነው።

የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ሲነሳ ግን የሚታወሰው እሳት ነው። ሽንኩርት ይቁላላል፣ ወጥ ይንተከተካል፣ እንጀራ ይጋገራል። ሙያም የሚለካው በዚያው ነው። ዶሮ ወጥ የሠራች ስሟ በሰፈሩ ይነሳል፤ አዚፋ የሠራችን ማንም አያነሳትም። በእኔ ሚዛን ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ድስት ስሕተትን ይምራል፤ ጨው ቢበዛ ውሃ ይጨመራል፣ ሽንኩርቱ በወፍራሙ ቢከተፍ ሰዓቱ ያሟሟዋል፣ ቅመሙ ቢበላለጥ እሳቱ ያስታርቀዋል። ሳይበስል የሚቀርብ ምግብ መሸፈኛ የለውም። እሳት የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠሩት ጨው፣ ውሃ፣ ሎሚና ጊዜ ናቸው፤ እነሱም የሚታዘዙት ተራቸውን ለሚያውቅ ብቻ ነው።

አክስቴ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያነሱት ሽንኩርቱን ነው። ቲማቲሙ ይጠብቃል። ቢላዋቸውን በስኒ ቂጥ ላይ ሁለት ሦስቴ አፋጩና ደቃቅ አድርገው መክተፍ ጀመሩ። ሽንኩርት ሲቆረጥ ሕዋሶቹ ይሰበራሉ፤ ተለያይተው የነበሩ የድኝ ውህዶችና አንድ ኢንዛይም ይገናኙና ዓይን የሚያስለቅሰው ጋዝ ይወጣል። ከዚያው ቤተሰብ የሆኑት ሌሎቹ ውህዶች ምግቡ ላይ ሲቆዩ ከምሳ በኋላ አፍ ላይ የሚቀረውን ክርፋት ያመጣሉ። የደነዘዘ ቢላዋ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ እንባውም ክርፋቱም ይብሳል። ስለዚህ የስኒው ቂጥ የምግብ አሠራሩ አንድ ክፍል ነው።

የተከተፈውን በቁንጥር ጨው አሸት አሸት አደረጉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቁት፣ ጨምቀው ውሃውን ደፉት። ከዚያ ግማሽ ሎሚ ጨመቁበትና ጎን አስቀመጡት። ሎሚው ሽንኩርቱን ያለሰልሰዋል፤ ቀለሙም ወደ ሮዝ ይዞራል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ሳይበስል የቀረበ ሽንኩርት «ከበደኝ» የሚል እንግዳ አፍ ያስዘጋል።

ቲማቲሙ ቀጥሎ ነው። ብዙ ሰው ፍሬውንና በዙሪያው ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ጠርጎ ይጥላል፤ ሰላጣው ውሃ እንዳይሆን ብሎ። አክስቴ አንዲት ጠብታ አይጥሉም። ትክክል ናቸው፤ ምግብን «ጣመኝ» የሚያሰኘው ግሉታሜት የሚባለው ንጥረ ነገር ከቲማቲሙ ሥጋ ይልቅ በዚያ ዝልግልግ ውስጥ ይበዛል። ከተፉት፣ ጨው ነሰነሱበት፣ ተዉት። ጨው ከሕዋሶቹ ውሃ ይስባል፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከጎድጓዳው ሳህን ሥር ቀይ መረቅ ይጠራቀማል። የፍትፍቱ መረቅ እሱ ነው።

«ውሃ ጠብ አድርጊበት የምትል አለች» አሉ አክስቴ፣ ያችን ሴት ያየኋት ይመስል ወደ እኔ ዞረው። «ቲማቲሙ የራሱ ውሃ እያለው! ጨው ስጠውና ታገሠው፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ቃሪያው ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፍሬውን አራግፎ ጥሎ «አሁን አያቃጥልም» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚሠራው ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ጅማት ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከጅማቱ ስለነካካው ነው። የልጆች ድርሻ ሲሆን ጅማቱ በቢላዋ ጫፍ ተፍቆ ይወጣል፤ ለትልልቆቹ ይቀራል። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። በመሆኑም የተከተፈ ቃሪያ ዘይት ውስጥ ከቆየ ማቃጠሉ ምግቡን ሁሉ ያዳርሰዋል፤ በመጨረሻ ከገባ እዚህም እዚያም ድንገት የሚቆነጥጥ ይሆናል። አክስቴ ሁለተኛውን ይወዳሉ፤ እኔም እንደዚያው።

ዘይቱ ከጨውና ከሎሚ በኋላ ነው። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ቲማቲሙን አስቀድሞ ዘይት ከሸፈነው ጨው ላዩ ላይ ይቀራል፤ ቀማሹም «ጨው አነሰው» ብሎ ደግሞ ይጨምራል፣ ኋላ ይመረዋል። በርበሬ የሚነሰንሱበት አሉ። ወቅቱን ያልጠበቀ፣ ነጣ ያለ ቲማቲም ከሆነ ይሁን፤ የመጋቢትን ቲማቲም በበርበሬ መሸፈን ግን ለእኔ ብክነት ነው።

እንጀራው የትናንት ነው። የዛሬ እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ መረቅ ሲነካው ይላቁጣል። ያደረ እንጀራ ውስጥ ያለው ስታርች ጠንከር ስለሚል መረቁን ጠጥቶም ቅርጹን ይይዛል። በእጅ ይቆራረሳል፤ የተቀደደው ጠርዝ በቢላዋ ከተቆረጠው ይልቅ ይመጥጣል። የሚፈተፈተውም ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ነው። ከዚያ በፊት የተፈተፈተ ፍትፍት የማንም አይደለም።

ቲማቲም ፍትፍት የሁሉም ቤት ነው። የባለሙያዋ እጅ የሚታየው ግን ሰናፍጭ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል።

ሰናፍጭ ፍሬው ሲሸተት ምንም የለውም። ደረቁን ቢያኝኩትም ለቅጽበት መረር ብሎ ከምራቅ ጋር ሲገናኝ ነው የሚነሳው። ምክንያቱ ፍሬው ውስጥ ሁለት ነገሮች በየክፍላቸው ተዘግተው መቀመጣቸው ነው፤ አንዱ ሲኒግሪን የሚባል ውህድ፣ ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም። ሲወቀጥ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ውሃ ሲገባ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን የሚያስነባው አሊል አይሶታዮሳያኔት ይወለዳል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለሚበላው ነፍሳት ነው። እኛ ግን ወደድነው።

አክስቴ የተወቀጠውን ሰናፍጭ በትንሽ ሳህን አድርገው ከእንስራ የቀዳሁላቸውን ውሃ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ አሹት። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳዎች እያላበ ስለሚተንና ትነቱ ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ ነው፤ በአዳማ መጋቢት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለብ ያለ ነውና እንስራው እዚህ ሥራ አለው። ሙቅ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ምሬት እንጂ ሰናፍጭ የለም። ሎሚና ጨውም ቀድመው ከገቡ ኢንዛይሙን ያዳክሙታል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ከዚያ በሌላ ሳህን ክድን፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ትዕግሥት። ክዳኑ የሚያስፈልገው የሚፈለገው ነገር የሚተን ስለሆነ ነው። ክዳኑን ሲያነሱ ፊታቸውን ወደ መስኮት መለስ አደረጉ፤ እኔን አላስጠነቀቁኝም። ሳል አጣደፈኝ፣ እሳቸው ደስ አላቸው። «ተነሥቷል» አሉ። ሎሚው፣ ጨውና ዘይቱ የገቡት ያኔ ነው። አሁን ሎሚው ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የተነሣውን ማቃጠል ቶሎ እንዳይበርድ ይይዘዋል።

ይህን ያወቀ ሰው ፌጦንም ያውቃል። ሆዱን ለታመመ ሰው ፌጦ ተወቅጦ በውሃና በሎሚ ሲበጠበጥ የሚሸተው ሽታ የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የጎመን ወገን ናቸው። ጥቅል ጎመን በጥሬው ሲከተፍ አፍንጫ ላይ የሚመጣው ጭስ መሰል ነገርም ከዚያው ቤት ነው።

ሰናፍጩ የሚሄደው ወደ አዚፋ ነው። ድፍን ምስሩ የተቀቀለው ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጎረቤት ሳይነሣ ነው። አክስቴ በዚህ ወቅት ምድጃ የሚለኩሱት በቀን አንዴ፣ በዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ ምስር፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ የሚቀቀል ሁሉ ተከታትሎ ይቀቀላል፤ ከዚያ ምድጃው እስከ ማግስቱ ያርፋል። ምስሩ ሲቀቀል ሎሚም ቲማቲምም አይነካውም፤ አሲድ ያገኘው ጥራጥሬ ልጣጩ አልለሰልስ ይላል። ሲበስል ውሃው ይጠነፈፋል፤ ገና ትኩስ ሳለ ጨውና ሎሚ ይገባበታል፣ ለብ ያለ ምስር ከቀዘቀዘው ይልቅ ይጠጣልና። በጭልፋ ጀርባ ግማሹ ይደፈጠጣል፣ ግማሹ በድፍኑ ይቀራል። ሰናፍጩ ግን ምስሩ ፈጽሞ እስኪበርድ ይጠብቃል። ትኩስ ምስር ላይ የፈሰሰ ሰናፍጭ በእንፋሎት ሄዶ ቤቱን ያስነጥሳል፤ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ስሙ ነው። ብዙ ሰው አዚፋ ሠርቶ «ሰናፍጩ ደካማ ነው» እያለ ነጋዴውን የሚያማው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ቀይ ሥሩ ከነጅራቱና ከነልጣጩ፣ ከላይ ሁለት ጣት የሚያህል ግንድ ተትቶለት ነው የሚቀቀለው። አስቀድሞ የተቆረጠ ቀይ ሥር ቀለሙን ለውሃው ሰጥቶ ነጥቶ ይወጣል። ሲበርድ ልጣጩ በእጅ ሲያሹት ይወልቃል። ድንቹም ከነልጣጩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ፤ በፈላ ውሃ ላይ የተጣለ ድንች ውጪው ፈርሶ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙት ሊቀርቡ ሲሉ ነው፤ ቀድመው ከተገናኙ ድንቹ ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል። ሎሚ ወይም አቼቶ ቀዩን ያደምቀዋል። ሌላ የሚባል ነገር የለውም፤ ቀላል ምግብ ነው።

ሱፍ ግን ቀላል አይደለም። እዚህ የምናገረው በአገራችን ስለሚበቅለው እሾሃማው ሱፍ ነው፤ ትልቅ ቢጫ አበባ ያለው የፈረንጅ ሱፍ ሌላ ተክል ነው። ፍሬው ነጭ፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው። ለጥቂት ጊዜ ተቀቅሎ ወይም በሙቅ ውሃ ተነክሮ ይወቀጣል፤ ቅርፊቱ ከውስጡ ሳይለይ ይደቅቃል። በውሃ ተበጥብጦ በወንፊት፣ ከዚያ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። የሚወርደው ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ነው። ወተት የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፍሬው ውስጥ ዘይቱ በፕሮቲን ስስ ሽፋን ተከቦ በደቃቅ ጠብታ ይቀመጣል፤ ያ ሽፋን ውሃ ውስጥም አብሮት ስለሚሄድ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ አይሰፍፍም። የላም ወተት ቅባትም በውሃ ውስጥ ተበትኖ የሚቆየው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። ጾመኛው ሳያውቀው ወተት ሠርቷል።

ጨርቁ ውስጥ የቀረውን አንዴ ብቻ ጨምቆ መጣል ስስት የሌለበት አባካኝነት ነው። አክስቴ ሁለተኛ ውሃ ያፈሱበታል፣ ደግመው ያሹታል። የመጀመሪያው ወፍራም ለፍትፍት፣ ሁለተኛው ቀጠን ያለ ለመጠጥ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ደቃቅ ቃሪያ፤ እንጀራ ተቆራርሶ ይገባና ያለ ምንም እሳት ምሳ ይሆናል። የሱፍ ፍትፍት እስከ ማታ አይደርስም። ፕሮቲንና ውሃ ያለበት ነገር ሙቀት ላይ ሲውል ይመርራል፣ ይቆመጥጣል፤ ስለዚህ ለሚበላው ሰው ልክ ይሠራል።

ተልባ ጥቂት እሳት ይፈልጋል፤ በብረት ምጣድ ላይ መንጣጣት እስኪጀምር ይታመሳል፣ ሳይጠቁር ይወርዳል። ሲወቀጥና ውሃ ሲነካው ይወፍራል፤ ከቅርፊቱ የሚወጣው ልጋግ ውሃውን ይይዘዋል። በየደቂቃው ስለሚብስም ሲበጠበጥ ቀጠን ይደረጋል፤ ለመጠጥ በማር፣ ለፍትፍት በጨውና በሚጥሚጣ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ተወቅጦ በዕቃ የሚቀመጥ ተልባ ዘይቱ በአየር ቶሎ ይበላሻል፤ አሮጌ ቀለም የመሰለ ሽታ ያመጣል። በድፍኑ ወራት ይቆያልና በሚፈለገው ልክ ብቻ ይወቀጥ።

ስልጆ የትዕግሥተኞች ነው። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ወተት ጋር ይበስላል፣ ይበርዳል፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና ተከድኖ ለቀናት ይቦካል። በበጋው ሙቀት ቶሎ ይደርሳል፤ ሲደርስ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ የሚያቆየውም ኮምጣጣነቱ ነው። ቡጥጫም አለ፤ የሽምብራ ዱቄት በውሃና በዘይት ለደቂቃዎች ተገንፍቶ፣ በርዶ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚፈረፈር። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ አልወደውም።

የቅጠሉ ነገር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰላጣ ሳይበስል ነው የሚበላው፤ ያጠጣው ውሃ ምን እንደሆነ ደግሞ ገበያ ላይ አይታይም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በአቃቂ ወንዝ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ስንት ዓመት ሲያነጋግር ኖሯል፤ ወንዙ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ ይሄዳልና። ቅጠሉ በጅምላ አይታጠብም። የላይኛዎቹ ቅጠሎች ይጣላሉ፤ ሌላው አንድ በአንድ ተነጥሎ በሚወርድ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ አቼቶ በገባበት ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ተዘፍዝፎ እንደገና ይለቀለቃል። ይህ ጀርሙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የምንጩ ነገር ያልታወቀ ቅጠል በስሎ ቢበላ ይሻላል። ታጥቦ ያበቃውን ቅጠል በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ ደግሞ የብዙዎች ቸልታ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይትና ሎሚ አይይዝም፤ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይተኛል።

ቆስጣው እሳት ካየ ለአጭር ጊዜና ያለ ክዳን ይሁን። አረንጓዴ ቅጠል ሲበስል የራሱ አሲድ ይወጣል፤ ክዳኑ አምቆ ከያዘው ቀለሙ ወደ ወይራ ይዞራል። ከመታጠቡ የቀረበት ውሃ ይበቃዋል።

ስለ ማቆየትም ይነሣ። ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ ሽታው ይጠፋል፤ ጣሙ ግማሹ ሽታ ነውና አብሮ ይሄዳል። በጥላ፣ በሰፌድ ላይ፣ እንብርቱ ወደ ታች ተደፍቶ ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ውሃው የሚያመልጠው በዋናነት በእንብርቱ በኩል ነው። ጎመንና ቃሪያ ግን እርጥብ ጨርቅ ይወዳሉ። አክስቴ ጠርዙ የተሸረፈ የድሮ ጋን አላቸው፤ ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ አልብሰውት ቃሪያውን ያሳድሩበታል። መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ ማቀዝቀዣ ነው።

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ ይህ ማዕድ በጣም የሚያስፈልጋትም በሌላ ወቅት ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በእነሱ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ይጾማል። እዚህ ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ሰው ጋቢ ለብሶ ትኩስ ሽሮ የሚያምርበት ጊዜ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ አየሩም እርጥብ ነው። የአፓርታማ ወጥ ቤት ውስጥ ወጥ መጣድ የአየር ማቀዝቀዣውን ከምድጃው ጋር ማጣላት ነው። አገር ቤት የሁዳዴን ሙቀት ለመሸሽ የኖረው ዘዴ እዚያ ለፍልሰታ ይውላል።

ወቅቱም ይተባበራል። በዚያ አካባቢ ቲማቲም ከሐምሌ እስከ መስከረም በየገበሬ ገበያው ይትረፈረፋል፤ በረንዳ ያለው ሰው በማሰሮ ጤና አዳምና ቃሪያ ይተክላል፣ ጓሮ ያለው ጎመን። ግን ዕቃው ስለሚለያይ አሠራሩም ይታረማል። የዚያ የገበሬ ገበያ ቲማቲም ትልቅና ፈሳሹ ብዙ ነው፤ ጨው ሲነካው መረቁ ከሚፈለገው በላይ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ የተጠራቀመውን መረቅ ለብቻው ታጠልለውና እንጀራውን መጀመሪያ በእሱ ታርሰዋለች፤ ቲማቲሙን ከላይ ታደርገዋለች። ቃሪያ ስታጣ ሃላፔኞ ትጠቀማለች፤ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ በጣም ማድቀቅ ይጠይቃል። ሱፉ ላይ ተሸንፋለች፤ የአገር ቤቱን ስታጣ ተፈልፍሎ የሚሸጠውን የፈረንጅ ሱፍ ነክራ በብሌንደር ትፈጨዋለች። ቅርፊት ስለሌለው ቶሎ ይጠለላል፤ ጣሙ ግን ያው አይደለም።

ሰናፍጩ ላይ በቪዲዮ ስልክ ረጅም ክርክር ነበር።

«እማዬ፣ የዚህ አገር ሰናፍጭ ምላስ ላይ እንጂ አፍንጫ ላይ አይመጣም።»

«ሙቅ ውሃ አድርገሽበት ነው።»

«በረዶ ውሃ ነው ያደረግኩት!»

«እንግዲያው ፍሬው ነዋ፤ አሳዪኝ እስቲ።»

ልጅቱ ወደ ስልኩ ያስጠጋችው ቢጫ ዱቄት ነበር። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ቢጫ ሰናፍጭ ሲናልቢን የሚባል ሌላ ውህድ ነው ያለው፤ ከእሱ የሚወለደው ነገር ስለማይተን ምላስ ይቆነጥጣል እንጂ አፍንጫ አይደርስም። ሲኒግሪን ያለው ጥቁሩና ቡናማው ነው፤ እሱ ደግሞ በሕንዳውያን ሱቆች በየከረጢቱ ይሸጣል። አክስቴ የኬሚስትሪውን ስም አያውቁትም፤ ቀለሙን አይተው ግን «ይሄማ ያማረ አቧራ ነው፤ ጥቁሩን ፈልጊ» አሏት። ፈለገች፣ አገኘች። በሚቀጥለው ስልክ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እዚያ አገር ያለ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ በፓርክ ሲሰበሰብ ይህን ምግብ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ይያዝ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ደኅንነት መመሪያ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ። የተቀቀለ ምስርና ድንች ከዚህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ አዚፋው በረዶ ላይ ተቀምጦ ይሂድ።

ምግብ ቤቶቻችን ላይ፣ እዚህም እዚያም ያሉት ላይ፣ አንድ ቅሬታ አለኝ። በየዓይነቱ ሲታዘዝ ትኩሱ ወጥ መሐሉን ይይዛል፤ አዚፋው፣ ስልጆውና የቲማቲም ሰላጣው ጠርዝ ላይ በማንኪያ ልክ ይደረጋሉ፤ እነዚያም ቢሆኑ ማለዳ ተሠርተው የዋሉ ናቸው። ሽንኩርቱ ከርፍቷል፣ ሰናፍጩ ተንኖ አልቋል፣ ቲማቲሙ በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ከዚያ «ቀዝቃዛ ምግብ አይጥምም» ይባላል። አሥር ደቂቃ አስጠብቆ በትእዛዝ የሚከትፍ ቤት ጥቂት ነው። አክስቴ እንዲህ ያለውን ቤት የሚለዩበት መንገድ አላቸው። ተቀምጠው ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ አስተናጋጇን ጠርተው «የኔ ልጅ፣ ሽንኩርቱ መቼ ነው የተከተፈው?» ይሏታል። «ጠዋት» ካለቻቸው ሽሮ ያዛሉ።